እህቴ በዲኤንኤ ምርመራ ለእንቅልፍ ችግር «ከፍተኛ ሪስክ» አለሽ ተባለች፣ ለኛ ለቤተሰቡስ ይሰራል?

ጨሞጋ ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ዝርዝሩን ካልጻፍኩት ትክክለኛ መልስ አላገኝም ብዬ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው፣ በቅርቡ በምራቅ የሚሰራውን የዲኤንኤ ምርመራ አሰራችና ፋይሉን ሌላ ዌብሳይት ላይ ስትጭነው «ፖሊጄኒክ ሪስክ ስኮር» የሚባል ነገር አወጣላት። እንቅልፍ ማጣት ላይ 91ኛ ፐርሰንታይል፣ ረስትለስ ሌግስ የሚሉት እግር የሚያቅበጠብጠው በሽታ ላይ ደግሞ 88ኛ ይላል፣ ሁለቱም በቀይ ቀለም። ስክሪንሾቱን ላከችልኝና «ይሄ ከእማዬ የወረስነው ነው፣ አንቺም ልጅሽም አላችሁ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ጋደም ባልኩ ቁጥር እግሬን ሳዳምጥ ነው የማመሸው።

እማዬ ያለችው አማኑኤል አካባቢ ገጠር ነው። ቀን ምንም አይላትም፣ ስትጋግር ውሃ ስትቀዳ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። ማታ መደቡ ላይ ጋደም ስትል ነው የሚጀምራት፣ ባቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል ትላለች፣ ትዘረጋዋለች ትሰበስበዋለች በጡጫ ትደልቀዋለች፣ ተነስታ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ስትንጎራደድ ይተዋታል፣ ተመልሳ ስትተኛ ይመለሳል። ዶሮ ሲጮህ ሰውነቷ ይዝልና ትንሽ ታሸልባለች። አያቴም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ጠበል ተጠምቃለች፣ ቅቤ ታሽታለች፣ ሪህ ነው ተብሎ ማስታገሻ ወስዳለች፣ አንድ ቦታ ደግሞ «ለእንቅልፍ» ብለው ማታ የሚዋጥ ኪኒን አዘውላት ያን ከጀመረች ወዲህ ጭራሽ እግሯ ብሶባታል።

እና የእህቴ ስኮር ለኔና ለልጄም ይሰራል ወይ? ልጄ ማታ ታንኮራፋለች፣ አንዳንዴም ደንግጣ ትነሳለች፣ እህቴ የሷንም ምራቅ ላኪልኝ እያለች ነው። ደግሞስ በዘር የመጣ ከሆነ መድሃኒት መፈለጉ ጥቅም አለው? የምታውቁ በናታችሁ መልሱልኝ።

ቡሬ ዳሞት

እታለም እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። በዘር መሆኑን ለማወቅ እኮ ምራቅ ባህር ማዶ መላክ አያስፈልግም ነበር፣ አያትሽም እናትሽም አንድ አይነት ህመም ካላቸው ቤተሰቡ ራሱ ነግሮሻል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ባለፉት አመታት በኛ አካባቢ ደህና እንቅልፍ የተኛ ማን አለ? ልጅ ውጭ ሲያመሽ፣ ስልክ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ሰው አይኑን ሳይከድን ነው የሚያነጋው። ያን ሁሉ ትቶ ችግሩ ከደምሽ ነው ቢሉኝ እኔ አልቀበልም። የእናትሽ የእግር ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ።

አባይ ዳር

ጨሞጋ፣ ጄኔቲክስ ነው የማስተምረውና እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ቡሬ ዳሞት ያለው ላይም እመለሳለሁ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሳው።

እንቅልፍ ማጣት እንደ ሲክል ሴል አንድ ጂን ስለተበላሸ ብቻ የሚመጣ በሽታ አይደለም። ዲኤንኤያችን ላይ ሰው ከሰው የሚለያይባቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቦታዎች አሉ፣ ተመራማሪዎቹ እንቅልፍ አጣለሁ የሚሉትንና ደህና እተኛለሁ የሚሉትን በብዛት ይሰበስቡና በየቦታው የትኛው የዲኤንኤ ፊደል በየትኞቹ ላይ በዛ ብለው ያነጻጽራሉ። አንዱ ቦታ ብቻውን የሚጨምረው ስጋት ኢምንት ነው። ያን ኢምንት ኢምንቱን ከብዙ ሺህ ቦታዎች ሰብስቦ የሚደመረው ቁጥር ነው ስኮር የሚባለው። በፈረንጅ 2019 የወጣው ትልቁ ጥናት ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዞ ነው የተሰራው፣ መረጃው የመጣው ዩኬ ባዮባንክ ከሚባለው የእንግሊዝ ትልቅ የጤና መረጃ ማከማቻና ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ ከሚባለው የአሜሪካ የምራቅ ዲኤንኤ ምርመራ ድርጅት ነው፣ ከእንቅልፍ ማጣት ጋር የተያያዙ 202 የዲኤንኤ አካባቢዎችን አገኘ። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ከዚያ የተሰራው ስኮር ታዲያ እንቅልፍ በማጣት ረገድ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ሊያስረዳ የቻለው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። መንትዮች ላይ የተሰሩ ጥናቶች ግን የዘር ድርሻው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል ይላሉ፣ ማለት ዘር አለበት፣ ስኮሩ ግን ገና ትንሿን ቁራጭ ነው የያዘው። ቀሪው ደግሞ ቡሬ ዳሞት ያለው ነው፣ ኑሮው፣ ሃሳቡ፣ ሀዘኑ፣ ስራው፣ ሌላው ህመም። ስለዚህ እሱን አልቀበልም ያለበት ምክንያት ከሳይንሱ ጋር አይጣላም።

91ኛ ፐርሰንታይል ማለትም 91 በመቶ ትታመማለች ማለት አይደለም፣ መቶ ሰው በቁጥሩ ቅደም ተከተል ቢሰለፍ ወደ ዘጠና የሚሆነው ከሷ በታች ይቆማል ማለት ነው። እነዚያ መቶዎቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው እንግዲህ ዋናው ጥያቄ። እዚያው 2019 ላይ የወጣ ሌላ ጽሁፍ እስከዚያ ድረስ በእንዲህ አይነት ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 79 በመቶ ገደማ የአውሮፓ ዘር ያላቸው እንደነበሩ አሳይቷል፣ እነሱ ከአለም ህዝብ 16 በመቶ ናቸው። ከነሱ የተሰራ ስኮር የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር የመተንበይ አቅሙ በአማካይ ከአራት እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ለምን? ጥናቱ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በሽታውን የሚያመጣውን ፊደል ራሱን አይደለም፣ ጎረቤቱ ያለውን ምልክት ነው። አንድ እንግዳ «ከዋርካው ቀጥሎ ያለው ቤት ግባ» ተብሎ ወደ ሌላ ቀበሌ ቢሄድ እዚያም ዋርካ ያገኛል፣ ቤቱ ግን የሌላ ሰው ነው። የኛ ህዝብ ዲኤንኤ ደግሞ ለብቻው ነው፣ በፈረንጅ 2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን የዘረመል ጥናት አማርኛም ኦሮምኛም ተናጋሪው ላይ ከአፍሪካዊው ግንድ ጋር ከዛሬ 3,000 አመት ገደማ በፊት ከመካከለኛው ምስራቅ አቅጣጫ የመጣ ዘር ተቀላቅሎ አግኝቷል። ለአውሮፓ የተሰራውም ለምእራብ አፍሪካ የሚሰራውም ልክ አይመጣልንም። የእህትሽ 91 ከአውሮፓውያን ጋር ተሰልፋ የወጣ ከሆነ እኔ ብሆን ቀዩን ቀለም አይቼ አልደነግጥም።

ሌላም አለ። ዩኬ ባዮባንክ ላይ የተጠየቁት በጥያቄ ወረቀት ነው፣ ማታ እንቅልፍ ለመያዝ ትቸገራለህ ወይስ እኩለ ሌሊት ትነቃለህ አይነት ጥያቄ ነው፣ መልሱ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ ነው። እኛ ጋ ለሰዓታትና ለማኅሌት የሚነሳ አለ፣ በቆሎው ሲያሽት ማማ ላይ የሚያድር ገበሬ አለ፣ ህጻን የምታጠባ አለች። ሁሉም «ብዙ ጊዜ እነቃለሁ» ነው የሚሉት፣ ታመዋል ማለት ግን አይደለም።

ለአንቺና ለልጅሽ ደግሞ፣ እህትና እህት ዲኤንኤያቸውን በአማካይ ግማሹን ነው የሚጋሩት፣ ልጅሽና አክስቷ ሩቡን። የሷን ቁጥር ወስዶ ለናንተ መስጠት አይቻልም። ታዲያ ስኮሩ ምን ይረባል ካላችሁ፣ ለአንድ ሰው ሳይሆን በሽታውን ለመረዳት ብዙ ረድቷል። ለምሳሌ እንቅልፍ ማጣት በዘረመሉ ከሌሎቹ የእንቅልፍ ባህርያት ይልቅ ወደ ድባቴና ጭንቀት ያደላል፣ ይሄ በስኮርና በዚህ አይነት ስሌት ነው የታወቀው። ረስትለስ ሌግስ ላይ ያመጣው እውቀትም ቀላል አይደለም፣ ግን እሱን ነጭ ጋውን ቢጽፍልን ይሻላል፣ በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው።

ነጭ ጋውን

አመሰግናለሁ መምህር። ጨሞጋ፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ሳነብ እኔ ስኮሩን ረስቼዋለሁ። ሲያርፉ የሚጀምር፣ ማታ የሚብስ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚተው፣ ካላንቀሳቀስኩት የሚያስብል። ረስትለስ ሌግስ የሚባለው ይሄው ነው፣ በሽተኛው በሚናገረው ነው የሚታወቀው እንጂ በዲኤንኤ አይደለም። ሪህ ቢሆን መገጣጠሚያ ላይ ያብጥ ይቀላ ነበር፣ ስንጎራደድ ይተወኛልም አይሉም ነበር። ስኳርና ኩላሊት ግን መታየት አለባቸው፣ ሁለቱም ይህን ህመም ያመጣሉ ወይም ይመስላሉ።

አሁን የጂኑና የደሙ ነገር የሚገናኝበትን ልንገርሽ። በፈረንጅ 2007 ጀርመንና አይስላንድ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ሜይስ1 እና ቢቲቢዲ9 የሚባሉ ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት ከረስትለስ ሌግስ ጋር እንደሚሄድ አገኙ። አይስላንዶቹ ደግሞ የቢቲቢዲ9ን ስጋት የተሸከሙ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው የአይረን ክምችት ማለትም ፌሪቲን ዝቅ እንደሚል አዩ። አይረንና ይህ ህመም ግንኙነት እንዳላቸው ሀኪሞች ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር፣ ጂኑ ሲመጣ ነገሩ ተጠናከረ። ስለዚህ «በዘር ከመጣ መድሃኒት ጥቅም አለው ወይ» ላልሽው አዎ አለው፣ ዘሩ ራሱ ወደ አይረን ነው የሚጠቁመው።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ ፌሪቲን አሰሪላት። ሄሞግሎቢን ብቻ ሰርተው «ደም ማነስ የለባትም» ብለው ቢመልሷችሁ እንዳትቀበሉ፣ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ክምችቱ ያለቀ ብዙ ሰው አለ። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ 20 ወይም 30 «ኖርማል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ ለዚህ ህመም ግን ከ75 በታች ከሆነ አይረን ይሞከር ነው መመሪያው የሚለው። ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲን ያለ አግባብ ከፍ ስለሚል ጉንፋን ወይ ትኩሳት ላይ እያለች አታሰሪ። ሁለተኛ ያን «ለእንቅልፍ» የታዘዘላትን ኪኒን ስሙን አንብቢልኝ። አሚትሪፕትሊን ከሆነ እሱ ራሱ እግሩን ያብሰዋል። አንዳንድ የአለርጂና የጉንፋን መድሃኒቶች፣ ለማስታወክ የሚሰጠው ፕላሲልም እንደዚያው። በራሷ አታቋርጥ፣ ያዘዘላት ሰው ጋ ይዛችሁት ሂዱና ይህን ንገሩት።

ለልጅሽ ግን ምራቋን መላኩን ተይው። አፏን ከፍታ የምታንኮራፋ ልጅ ቶንሲሏና ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለው እጢ አብጦ አየር ሊዘጋባት ይችላል፣ ትንፋሿ ቆም ብሎ እየተመለሰ መሆኑን ማታ አጠገቧ ሆነሽ በስልክሽ ቅረጪና ለአንገት በላይ ሀኪም አሳዪ። እባክሽ እንጥል የሚያስቆርጥ ሰው ጋ እንዳይወስዷት ቤተሰቡን አስጠንቅቂ፣ እዚህ እኛ ጋ ደም ፈሶባቸው የሚመጡ ህጻናትን አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ዳንግላ

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው ይቅርታ። ታናሽ ወንድሜ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ድንገት ይተኛል፣ ከዚያ ደግሞ ከልቡ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳውና ይወድቃል፣ ራሱን ግን አይስትም። ሰፈር ዛር ነው አሉ፣ ሌላው የሚጥል በሽታ ነው አለ። ይሄስ በዘር ስኮር ይታወቃል?

አባይ ዳር

ዳንግላ፣ ያልከው ናርኮሌፕሲ ለሚባለው በጣም ይቀርባልና ኒውሮሎጂስት ይየው፣ ሲስቅ መውደቁንም መጀመሪያ ንገሩት፣ ከሚጥል በሽታ የሚለየው አንዱ ትልቅ ምልክት እሱ ነው። ይሄኛው ከእንቅልፍ ማጣት የተለየ ነው፣ እዚህ አንድ ዘረመል ብቻውን ከባድ ክብደት አለው፣ ኤችኤልኤ ከሚባሉት የሰውነት መከላከያ ጂኖች አንዱ ነው፣ ኤችኤልኤ ዲኪውቢ1 06፡02 ይሉታል፣ በመውደቅ የታጀበው ናርኮሌፕሲ ካለባቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ አላቸው። ነገር ግን ይሄው ጂን ያላቸው ብዙ ጤነኞች ስላሉ ጂኑ ተገኘ ማለት በሽታው አለ ማለት አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ሃይፖክሬቲን የሚባለውን፣ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርገውን ኬሚካል የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ሲጠፉ ነው። የወንድምህ ጥፋት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፣ አስተማሪዎቹ ይህን ቢያውቁለት ደስ ይለኛል።

ደጀን ቁልቁለት

መምህር ያልከው ሁሉ ገብቶኛል፣ ግን ከዚያ በመነሳት እኔ የምለው ይሄ ነገር የፈረንጅ ነው፣ ለኛ አይሰራም ካልክ ለምን ጊዜያችንን እናጠፋለን? ደግሞ ምራቅ ከሰጠህ በኋላ መረጃህ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል፣ የአንድ ሰው ዲኤንኤ ማለት የእህቱም የእናቱም ነው፣ ያች እናት አማኑኤል ተቀምጣ ፈቃድ አልተጠየቀችም።

አባይ ዳር

የመጨረሻው ነጥብህ ትክክል ነው፣ ሰው ፋይሉን ዌብሳይት ላይ ከመጫኑ በፊት ቤተሰቡንም ሊያስብ ይገባል። የመጀመሪያው ላይ ግን አልስማማም። የኛ ሰው ስላልተጠና ነው የማይሰራልን፣ እንተወው ካልን መቼም አይሰራልንም።

ምሳሌው እኮ እግራችን ላይ ነው። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ላይ የሚወጣውን የእግር እብጠት ምስራቅ ጎጃምም ምዕራብ ጎጃምም የማያውቅ ሰው የለም፣ ፖዶኮኒዮሲስ ነው የሚባለው። ስንት ቤተሰብ «በዘራቸው አለ» እየተባለ ጋብቻ ተከልክሏል፣ ስንት ልጅ ከሰው ርቆ ቀርቷል። በፈረንጅ 2012 ወላይታ ላይ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ተወስደው ዲኤንኤያቸው ሲነጻጸር ስጋቱ ኤችኤልኤ የሚባለው አካባቢ ተገኘ፣ አሁን ለዳንግላ የነገርኩት ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰፈር ነው። አስተውል፣ ሚሊዮን ሰው አላስፈለገም፣ አራት መቶ የማይሞላ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ስራውን የመሩትም ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ዘር እንዳለበት በማስረጃ ታወቀ፣ ግን ያ ዘር ያለው ልጅ ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው አይወጣበትም። አሁን የጎጃም እናቶች እግር በሌሊት የሚያቅበጠብጠው ስንቶቹን ነው፣ ስንቶቹስ አይረናቸው አልቋል፣ ጂናቸውስ ከአይስላንዶቹ ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢመጣልኝ በደስታ ነው የማማክረው።

ጨሞጋ ማዶ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኪኒኑን ታናሽ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ነጭ ጋውን ያልከው ነው፣ አሚትሪፕትሊን 25 ይላል። እማዬን ማርቆስ አምጥተን ደሟን ሰጠች፣ ሄሞግሎቢኗ ደህና ነው አሉ፣ ፌሪቲኑ ግን 17 ነው። ስኳርና ኩላሊቷ ሰላም ነው። ሀኪሟ ኪኒኑን ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን ብሎ አይረን አዘዘላት። እሷ ግን «በየቀኑ ጤፍ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል» ብላ አላምን አለች። እህቴም እኔ ደሜን ላሰራ አለች፣ ማታ እግሯን ማንቀሳቀስ እንደሚያምራት ገና አሁን ነው የነገረችኝ።

ነጭ ጋውን

17! እንኳንም አሰራችሁት። ለእማማ እንዲህ በያቸው፣ ጤፍ እውነትም ብረት አለው፣ ግን ከሚለካው ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈሩ የሚገባ ነው፣ እህሉ ውስጥ ያለውም ፋይቴት የሚባል ነገር ስለሚይዘው ሆድ እንደልብ አይወስደውም። ሊጡ በደንብ መቡካቱ ይረዳል። በላዩ ደግሞ ጾሙ ረጅም ነው፣ ምግብ እንደተበላ ደግሞ ቡና ይጠጣል፣ ቡናና ሻይ አይረኑን ሆድ ውስጥ ያስቀረዋል። ቡናውን ይተዉ አልልም፣ አይሆንም፣ አይረኑን ከሚውጡበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ያርቁት። የአይረን ኪኒኑን በሎሚ ውሃ ወይም በብርቱካን ይዋጡት፣ ሆዳቸውን ካስቸገራቸው ሀኪሙን ጠይቁና አንድ ቀን እየዘለሉ ቢወስዱ ሰውነት እንደውም ከያንዳንዱ ኪኒን የተሻለ ይወስዳል። ሰገራቸው ይጠቁራል፣ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ክምችቱ እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል፣ በሳምንት ካልተዋቸው ብለው እንዳያቆሙት፣ ከሶስት ወር በኋላ ፌሪቲኑ ይደገም። ኪኒኑ አልሰራም ካለ በደም ስር የሚሰጥ አይረንም አለ። እህትሽም ስትሰራ ፌሪቲን ብላ በስሙ ትጠይቅ።